ስለ ብረቱ ጉዳይ፣ ይድረስ ለጋሼ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ይድረስ ለተከበሩት ጋሼ፤

ቶርኖ ቤቱ፣ መብራቱ፣ ወገብዎ፣ ሁሉም ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከቀኝ ትከሻዬ በስተቀር፣ ክብሩ ይስፋና ለፈጣሪ፣ ደህና ነኝ። የትከሻዬን ነገር ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

ወሬው በእማዬ በኩል ተጣሞ እንደደረሰዎ ሰምቻለሁ። ባለፈው ስደውልላት «ልጄ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ቆራሌው ሆነ አሉኝ» ብላ አለቀሰችብኝ። የገዛሁት ቁርጥራጭ ሳይሆን ቶርኖ ነው ብላት ጭራሽ ባሰባት፤ «አጎትህ ቶርኖ አለው አይደል፣ ሲያምርህ መጥተህ አትሠራበትም?» አለችኝ። እንግዲህ ነገሩን ለሚገባው ሰው ላስረዳ ብዬ ብዕር አነሳሁ። እርስዎ ደግሞ በሚገባት ቋንቋ ያስረዱልኝ።

ማሽኑ ሳውዝ ቤንድ ይባላል። ኢንዲያና ውስጥ በዚሁ ስም በምትጠራ ከተማ፣ ኦብራይን የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች በ1906 ያቋቋሙት ፋብሪካ ሥራ ነው። የኔው ዘጠኝ ኢንች የሚሉት ነው፤ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ነገር ያሽከረክራል፣ ርዝመቱም 56 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ዘንግ ይይዛል። የእርስዎን ለለመደ ሰው የልጅ መጫወቻ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የምድር ቤቴ ደረጃ ከዚህ በላይ አያሳልፍም። መለያ ቁጥሩ በሐዲዱ ቀኝ ጫፍ ላይ ተመትቷል፤ ቁጥሩ እንደሚለው የተሠራው በ1942 ነው። በእኛ 1934 ገደማ መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በዓመቱ። እማዬም አልተወለደችም።

«ምነው አዲስ አትገዛም?» ይሉኝ ይሆናል። በዚህ ገንዘብ የሚገኘው አዲስ ማሽን ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። አሮጌውን ደግሞ እዚህ አገር የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቶቹ የብረት ሥራ ክፍላቸውን እየዘጉ አወጡት፤ ፋብሪካዎቹ ኮምፒውተር የሚያዝዘውን አስገቡ፤ የቀረው በየሽማግሌው ጋራዥ ውስጥ ዘይት ተቀብቶ፣ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ በሦስት ሰው እጅ አልፎ፣ ቀን ከሌት ክራንክ ሻፍት እየላጨ ስንት ልጅ ባስተማረ! እዚህ ጡረታ ወጥቷል። ዋጋው ከደህና ስልክ ያነሰ ነው ብል አያምኑኝም።

በመጀመሪያ ያየሁት አትላስ የሚባል፣ ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ከተማ የተሠራ ነበር። ሲያዩት ያምራል፤ አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። እኔ ግን ቀለም ያማረ ማሽን ሳይ የምጠረጥረው እርስዎ ዘንድ ስላደግሁ ነው። ክዳኑን ስከፍት ማርሾቹ ዛማክ ከሚሉት የዚንክ ቅይጥ የተቀዱ ናቸው፤ ጥርሳቸውም እንደ መላጫ ስሏል። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ቀለም የሚቀባ ሰው ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ግን በብሩሹ ምን እንደሸፈነ ልጠይቀው ይገባል።

ሳውዝ ቤንዱን ያገኘሁት አንድ የቀድሞ የብረት ሥራ መምህር ቤት ነው። ሰማንያን ያለፉ ናቸው፤ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬን አስከትዬ ሄድኩ። ጋሼ፣ ዕቃ ልገዛ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልጃገረድ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ሰውየው ወንበር ሰጥተው ምርመራቸውን ጀመሩ። የት ነው የሚቀመጠው? ምድር ቤትህ እርጥበት አለው ወይ? ገዝተህ በማግስቱ ልትሸጠው ነው ወይስ ልትሠራበት? ዘር ማንዘሬን መቁጠር ብቻ ነው የቀራቸው። ቶርኖን ከሻወርማ ምድጃ የማይለየው ጓደኛዬ የሽምግልናው ነገር ገብቶት «ልጁ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም» አለልኝ። ግማሹ እውነት ነው።

በመጨረሻ የቸኩን (የብረት መንከሻውን) ቁልፍ አንስተው አሳዩኝና «ይኼ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ። «ካጠበቅሁ በኋላ ከእጄ ሳይለይ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቸኩ ላይ አይተውም» አልኩ። ሳቁና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። አጎቴ ናቸው፣ የረሳሁ ቀን በዚሁ ቁልፍ ጉልበቴን ይሉኝ ነበር አልኳቸው። «እኔ ተማሪዎቼን እንዳልመታ ተከልክዬ ነበር» አሉ፤ ቅናት ቢጤ አየሁባቸው። ሰላምታ ልከውልዎታል።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። ቢላውን ተሸክሞ የሚሄደውን ክፍል ቸኩ አጠገብ አምጥቼ ማሰሪያውን በትንሹ አጠበቅሁትና ወደ ወዲያኛው ጫፍ ነዳሁት። ሥራ ሁሉ የሚሠራው ቸኩ አጠገብ ነውና ሐዲዱ የሚበላው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ያልተበላው ጫፍ ሲደርስ ይነክሳል። ይኼኛው ትንሽ ከበድ አለኝ እንጂ አልቆመም፤ ለሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ምስጋና ነው። ቀጥሎ በመሐል ዘንጉ ቀዳዳ ዱላ ሰክቼ ወደ ላይ እየገፋሁ በዳያል ጌጅ ለካሁ። እዚህ ማሽን ላይ ኩሽኔታ የለም፤ የብረቱ ዘንግ በቀጥታ የሚዞረው በተቀዳው ብረት ውስጥ በዘይት ላይ ነው። ስለዚህ ዘይት ሲነፈግ የኖረ ከሆነ ነገሩ ያበቃለታል። የኔው አንድ ሺኛ ተኩል ኢንች አካባቢ ላላ፤ ይስተካከላል። የኋላ ማርሾቹንም አንድ በአንድ አየሁ፤ ብዙ ሰው ቸኩን ለመፍታት ሲል ዘንጉን በእነሱ አስሮ ጥርሳቸውን ይሰብራል። ሙሉ ናቸው።

ዋጋው 850 ዶላር ተባለ። የመርካቶ ልጅ ነኝና 600 አልኩ። ሰውየው ጆሮዬ የታመመ መስሏቸው 850 ብለው በቀስታ ደገሙልኝ። ጓደኛዬ በእግሩ ረገጠኝ። ከፈልኩ። እንደከፈልኩ ከመደርደሪያ ሥር ሳጥን እየጎተቱ ያወጡ ጀመር፤ ባለሦስትና ባለአራት መንጋጋ ቸክ፣ የቢላ መያዣዎች፣ የጥርስ ማውጫ ማርሾች፣ የወንድማማቾቹ ፋብሪካ ራሱ ያሳተመው የቶርኖ ማስተማሪያ መጽሐፍ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው። ሳጥኑ ብቻ ተነጥሎ ቢሸጥ የማሽኑን ዋጋ ይመልሳል። ተከራክሮ 50 ዶላር ከመቀነስ ዝም ብሎ ሳጥን መቀበል የሚያዋጣበት አገር ነው፤ እኔም ቀስ በቀስ እየለመድኩት ነው።

ትከሻዬ እዚህ ላይ ነው የገባው። ማሽኑ ወደ 180 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱም ከላይ ነውና ካዘነበሉት ይገለበጣል። ሞተሩን፣ የቸኩን ቤት፣ ሁሉንም ፈትተን በየተራ አወጣን። ያገዙኝ የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ዶሮ ወጥ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ቀኑ ግን ፍልሰታ ነበርና በሽሮ ሸኘኋቸው። እስካሁን ስልኬን አያነሱም።

ባለቤቴ የልብስ ማጠቢያው ቦታ መያዙን ስታይ ለሁለት ሳምንት ያህል በአማርኛም በእንግሊዝኛም አላናገረችኝም። ከወፍራም ብረት ዘነዘና ላጭቼ ብሰጣት ግን ኮረሪማውን ወቅጣ አየችና «ይኼ ደህና ነው» አለች። አሁን ለጓደኞቿ የምታዝዘው እሷ ናት፤ ትርፉም የሷ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ እግር የተሰበረበት ሐበሻ ሁሉ የሚልከው ወደ እኛ ቤት ሆኗል። ጋቢ ለብሼ ምድር ቤት እንዳልወርድም ከልክላኛለች፤ በዚህ እርስዎም ከሷ ጋር ይስማማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ማርሽ ጠፍቷል፤ ባለ 46 ጥርሱ። ያለ እሱ በኢንች አስራ አንድ ተኩል ጥርስ ማውጣት አልችልም፤ የአንድ ኢንች የውሃ ቧንቧ ጥርስ ደግሞ እዚህ አገር እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቧንቧ ሥራ እኔን እየጠበቀ ነው። እዚህ ለአንድ አሮጌ ማርሽ የሚጠይቁት ገንዘብ ያስቃል። እባክዎ በእርስዎ ፍሬዛ ይቁረጡልኝ፤ 46 ጥርስ፣ 18 ዲያሜትራል ፒች፣ የጥርሱ ማዕዘን 14 ዲግሪ ተኩል፣ የውጭ ዲያሜትሩ 67.7 ሚሊ ሜትር። ሞዱል 1.5 ይቀራረባል ብለው እንዳይልኩልኝ፤ የኔው 1.41 ነው፣ አብሮ አይነክስም። ቀዳዳውን ጠበብ አድርገው ይተዉት፣ እዚህ በራሴ ቶርኖ አሰፋዋለሁ። ጊዜ ካገኙ ባለ 127 ጥርስም ይጨምሩልኝ። ማሽኑ ኢንች ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ኢንች 25.4 ሚሊ ነውና በአምስት ሲባዛ የሚወጣው 127 ጥርስ ካልገባ የሚሊ ሜትር ጥርስ በትክክል አይወጣም።

እማዬ በርበሬ በምትልክበት ሰው እጅ ይላኩልኝ፤ ግን በርበሬው ውስጥ እንዳትቀብረው ይንገሯት፤ ኤርፖርት ላይ ማስረዳት የማይቻል ነገር ይሆናል። የዘመድ ዋጋ አልፈልግም፤ ትክክለኛውን ይንገሩኝና በሳምንቱ እልካለሁ።

የእህትዎ ልጅ