ስለ መልእክተኞች የዓመት መዝጊያ ሐተታ፤ በኦምዱርማን ድልድይ ላይ የተደረገ ምርመራ

በልዩ ልዩ አገር የሚቀመጡ የመንግሥታት መልእክተኞች፣ ዓመቱ ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስለ ተላኩበት አገር ኑሮና በዚያ ስለ ሠሩት ሥራ የሚያዘጋጁት ሐተታ፣ ምንም እንኳ በየዋና ከተማው የሚጻፍ ቢሆን፣ እንደ ገድልና እንደ ድርሳን ሊቃውንት ተቀምጠው ክፍሉን የለዩለት፣ ሥርዓቱንም የወሰኑለት ድርሰት አይደለም። ይህን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት፣ የእኛ ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት በስተ ምዕራብ ያለችውን የኦምዱርማንን ከተማ መርጠናል፤ ምክንያቱም ከመሕዲ ዘመን ጀምሮ መልእክተኛውም፣ ምርኮኛውም፣ ስደተኛውም በየተራቸው የደረሱባት ከተማ በመሆኗ፣ የሦስቱን ምስክርነት በአንድ ሸንጎ አቁሞ ለማመዛዘን ትመቻለች።

የሐተታው መልክ ከአገራችን ድርሰቶች ሁሉ ለመልክእ የቀረበ ነው። የመልክእ ደራሲ ከቅዱሱ የራስ ጠጉር ተነሥቶ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ ለየሕዋሱ ሰላምታ እያቀረበ እንደሚወርድ፣ በካርቱም የተሾመ መልእክተኛም ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ ተነሥቶ፣ ሀቡብ የሚባለውን የአቧራ ማዕበል፣ በዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣውን ሻይና የሕዝቡን እንግዳ ተቀባይነት በየተራ እያመሰገነ፣ ለወደፊቱ ያለውን ተስፋ ገልጦ ይፈጽማል። በመልክእ ውስጥ የታመመ ሕዋስ እንደማይወሳ ሁሉ፣ በሐተታውም ቪዛ የተከለከለ ተማሪ፣ ደመወዙ የዘገየበት ዘበኛ፣ ወይም መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ አይወሳም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ የምድር አቀማመጥ አለ። ኤምባሲዎቹ በካርቱም ስለ ነበሩ፣ ከሐተታው ውስጥ ስለ ሥራ የሚናገረው ክፍል በሙሉ ከወንዙ ወዲህ ሲገኝ፣ ስለ ኑሮ የሚናገረው ክፍል ግን ድልድዩን ተሻግሮ ከኦምዱርማን መቀዳት ነበረበት። ስለዚህም መልእክተኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይሻገር ነበር፤ የመሕዲ ተተኪ የነበረውን የኸሊፋ አብዱላሂን ቤት ሙዚየምና እ.ኤ.አ. በ1947 እንደ ገና የታነጸውን የመሕዲን መቃብር ይጐበኝ ነበር፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሐመድ አል-ኒል መካነ መቃብር ከበሮ እየተመታላቸው የሚዞሩትን ደርቡሾች ተመልክቶ ከመምሸቱ በፊት ይመለስ ነበር። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ብቻ ያየ ሰው ስለ ሰባቱም ቀን መጻፉ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ነቢያትም በዓይናቸው ያላዩትን ጽፈዋልና።

ሁለተኛው ጉዳይ የዘመን አቈጣጠር ነው። የፈረንጁ መልእክተኛ ዓመቱን የሚዘጋው በታኅሣሥ፣ ማለት የካርቱም አየር ቀዝቀዝ በሚልበት ወር ነው፤ ሱዳንም ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ስለ ሆነ፣ የአገሩ በዓልና የሐተታው ጊዜ በአንድ ሌሊት ይጋጠማሉ። የእኛ መልእክተኛ ግን የበጀቱን ዓመት ሰኔ 30 ቀን፣ ዘመኑን ደግሞ በጳጉሜን ይዘጋል፤ በጳጉሜንም ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ሞልቶ የወንዙን ዳር ነዋሪ የሚያሰጋበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ስለ ጎርፉ ማዘኑን እየገለጠ ጎርፉ ከየት እንደ መጣ በዝምታ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በግንቦት ዓመቱን የሚዘጋ መልእክተኛ ቢኖር፣ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት በምን ቃል ይገለጥ እንደ ነበር ለመመርመር አልተቻለም።

የቀድሞዎቹ በዚህ ዓይነት ድርሰት አልተራቀቁም። ኸሊፋ አብዱላሂ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልኮ እስልምናን እንድትቀበል ጠራት፤ ሐሳቡ ግልጽ ስለ ነበረ ሰፊ ውይይት አላስፈለገውም፤ መልስም አላገኘም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ለኸሊፋው የጦር አለቃ ለሐምዳን አቡ አንጃ ጽፈው፣ የሁለቱ አገር ድኻ እርስ በርሱ ቢፋጅ ለማንም እንደማይበጅ፣ የሁለቱም ጠላት ፈረንጁ እንደ ሆነ አስረድተው ሰላም ቢጠይቁ፣ የተመለሰላቸው ስድብ ነበር፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ቆስለው ዐረፉ፤ ራሳቸውም ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በዚያን ዓመት ጳጉሜን የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠነከረ መሄዱን የሚያትት ጽሑፍ አልተገኘም። ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክና ኸሊፋው በመልእክተኞች ቢቀራረቡም፣ ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የጦር አለቃ ኪችነር በከረሪ ሜዳ የኸሊፋውን ሠራዊት ስለ ፈጀ፣ ለዘመን መለወጫ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ከዓመቱ አስቀድሞ መንግሥቱ ተዘጋ።

ወደ ምርኮኞቹ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ኦስትሪያዊው ቄስ ዮሴፍ ኦርዋልደር፣ የዳርፉር ገዢ የነበረው ሩዶልፍ ስላቲን፣ ጀርመናዊው ነጋዴ ካርል ኖይፌልድ እያንዳንዳቸው አሥር ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ በመሕዲውያን እጅ ቆይተው ሲወጡ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በነዚህም ውስጥ ከእኛ ክፉ ቀን ጋር በአንድ ዘመን የወረደው ረሀብ፣ የገበያው ነገርና የእስር ቤቱ ጥበት ተዘርዝሯል። ስላቲንማ በኸሊፋው ደጃፍ ለዓመታት ቆሞ በማገልገሉ፣ ማንም አምባሳደር ያላገኘውን ወደ ርእሰ መንግሥቱ የመቅረብ ዕድል አግኝቷል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ፣ ስለ አንድ አገር የሚጻፍ እውነት ጸሐፊው በፈለገ ጊዜ ለመውጣት ባለው ሥልጣን መጠን ይቀንሳል የሚል ነው።

ለሕጉ ግን ብርቱ ተቃውሞ አለበት። የኦርዋልደርንም የስላቲንንም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ያሰናዳው የግብፅ ሠራዊት የስለላ ሹም ሬጂናልድ ዊንጌት ነው፤ እርሱም በ1933 ዓ.ም. ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የዘመተው የኦርድ ዊንጌት ዘመድ ነበር። ሹሙ በዚህ ሥራ የደከመው ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ሱዳንን እንደ ገና ለመያዝ ልቡ እንዲነሣሣ ጭምር ነበር፤ ስላቲንም አገሩ ከተያዘ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1914 ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ ስለ ተመለሰ፣ የትዝታ ጽሑፍ ለማዕርግ እድገት የሚያበቃ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ሕጉን በማሻሻል፣ ጸሐፊው ከሚወጣበት በር ጋር ጽሑፉ የሚገባበትም በር ይመርመር ብለናል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ መልእክተኞቹ ወጡ፤ ከፊሎቹም የተሳፈሩት ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን ካለው ከዋዲ ሰይድና የአውሮፕላን ሜዳ ስለ ሆነ፣ ዓርብ ባልሆነ ቀን ድልድዩን ለመሻገር ምክንያት አገኙ። የአገሩ ሰው በሚሊዮን የሚቈጠር ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛወሩ፤ የዓመቱም መጨረሻ እንደ ልማዱ ደረሰ።

የቀረን ሦስተኛው ምስክር ነው። መተማን ተሻግራ መጥታ በሱዳን ከተሞች ጎዳና ዳር ቡናና ሻይ ስትሸጥ የኖረች ሐበሻ ሴት፣ እንደ መልእክተኛው የአውሮፕላን ቲኬት፣ እንደ ምርኮኛውም አሳታሚ የላትም፤ ሆኖም ሱዳኖች ከሻ የሚሉትን የፖሊስ አፈሳ፣ የስኳርን ዋጋ፣ የመኖሪያ ፈቃድን ወረፋ፣ ከሳምንቱም ሰባቱን ቀን ታውቃለች። ዓመቱ ሲዘጋ አስተያየቷን የጠየቃት መንግሥት የለም፤ የራሷም ቢሆን።

ስለዚህ ሦስት ቀኖና እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለካርቱም የተሾመ መልእክተኛ ሐተታውን በግንቦት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ድልድዩን ማክሰኞ ይሻገር። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ለሚኒስቴሩ ከመላኩ በፊት ሻይ ለምትሸጠው ሴት ያንብብላትና የሳቀችበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይሰርዝ፤ የሚተርፈው ከአንድ ገጽ ቢያንስ፣ የሚኒስቴሩ የወረቀት ወጪ ይቀንሳል እንጂ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት አይቀንስም።