ለአምስተርዳሙ ደላላ የቀረበ ምስጋና

የባሕር ዳር መናኸሪያ ደላላ መጥፋት ያለበት ፍጡር ነው። ገና ከአውቶቡስ ሳትወርዱ ሻንጣችሁን ይይዛል፣ «አልጋ አለ፣ ከነሻወሩ!» እያለ ጆሯችሁ ሥር ይጮኻል፣ ድርሻውንም ዐይናችሁ እያየ ከባለ ሆቴሉ እጅ ይቀበላል። ነውረኛ! የሠለጠነ ደላላ እንዲህ አያደርግም። አምስተርዳም ተቀምጦ፣ ላብ ሳይነካው፣ ከመኝታው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ያነሣና «ቅናሽ አገኘሁልዎ» ይላል። እኛም «እግዜር ይስጥልን» ብለን ለዘመድ አዝማድ እናወራለታለን።

የቅናሹ ጥበብ ረቂቅ ነው። ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ክፍሉን በ4,000 ብር ያከራይ ነበር እንበል። ደላላው ድርሻዬን ሲል ባለቤቱ ከየት ያምጣ? 4,700 ያደርገዋል። ድረ ገጹ ላይ መጀመሪያ 5,500 ይጻፍና በቀይ ይሰረዛል፤ ከሥሩ 4,700 ብቅ ይላል። እንግዳው 800 ብር አተረፈ። ባለ ሆቴሉም ድሮ የሚያገኛትን 4,000 አገኘ። በመሀል የቀረችው 700 ብር የት ገባች ብሎ መጠየቅ የምቀኛ ጠባይ ነው።

ምቀኛ ደግሞ አውሮፓ ውስጥም አይጠፋም። የስፔን የውድድር ባለሥልጣን በ2024 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳሙን ደላላችንን፣ ቡኪንግ ዶት ኮምን፣ ከ413 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣው። ከክሱ አንዱ ሆቴሎች በገዛ ገጻቸው ከእሱ አርክሰው እንዳይሸጡ አስሯል የሚል ነበር። የእንግሊዙም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ እሱንና ኤክስፔዲያን፣ አጎዳንም ጭምር፣ እንግዳን በማጣደፊያ ማስታወቂያ እንዳያዋክቡ ቃል አስገብቷቸዋል። እኔ ግን ማጣደፊያውን እወደዋለሁ። «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል! 9 ሰዎች እያዩት ነው!» በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ቱሪስት በራቃት ከተማ፣ የዜጌ ጀልባ ነጂዎች ሲያዛጉ በሚውሉበት ወደብ፣ ዘጠኝ ሰው በአንድ አልጋ ሲሻማ ማየት ምንኛ ያጽናናል!

ከበርሊን ለሚመጣ ባዕድ አልፈርድም። ሰፈሩን አያውቅ፣ ቋንቋውን አይሰማ፤ ፎቶና ካርታ ያሳየው ድርሻውን ያግኝ። የሚያስደንቀኝ ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ጣና ውስጥ ዋኝቶ ያደገው ወንድማችን ነው። ዘንድሮ ከዋሽንግተን ሲመጣ እናቱ ቤት ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለውን ሆቴል በድረ ገጽ ይይዛል። አዲስ አበባ ያለው ታናሹም የዶላር ካርድ ስለሌለው ለእሱ ደውሎ «እባክህ ለእኔም ያዝልኝ» ይላል። በአየር መንገዳችን ከውጭ የመጣ ሰው ያንን ትኬቱን አሳይቶ የአገር ውስጡን ከራሱ ከአየር መንገዱ ቢገዛ ዋጋው እንደሚቀንስለት ለዋሽንግተኑ ነግረነው ነበር። አልተዋጠለትም። ከሦስተኛ ወገን ሙሉውን ከፍሎ ገዛ፤ በረራው ሲቀየር የትኬት ቢሮ ሄዶ «የገዙበትን ይጠይቁ» ተባለ። የገዛበት ደግሞ ሮቦት ነው፤ ትሕትናው ግን ወደር የለውም፣ አሥር ጊዜ «ይቅርታ» አለው።

የገዳማት ጉብኝቱንም በዶላር ገዝቷል፤ ለራሱና ለባለቤቱ፣ ክብራን ገብርኤልን ጨምሮ። ክብራን ሴት አይገባባትም። ይህን ጀልባ ነጂው፣ የጀልባ ነጂው ልጅ፣ ወደብ ላይ ቆሎ የሚሸጠው ሕፃን ሁሉ ያውቃሉ። ደላላው ግን ማንንም በጾታ አይለይም፤ የሁለቱንም እኩል ተቀብሏል። ባለቤቱ ጀልባው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ቆየች። ካልከፋት ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ እሷንም ያስገባ ነበር፤ ግን ፕሮግራሙ ላይ የለማ።

ሆቴሉ ጋ ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር እንዳትሉኝ። ደውሏል።

«ሄሎ፣ ክፍል አለ?»

«አለ፣ ጋሼ። ቁርስ አለበት፤ አየር ማረፊያም መጥተን እንቀበልዎታለን።»

«ስንት?»

«አራት ሺህ።»

«ኢንተርኔት ላይ አራት ሺህ ሰባት መቶ ነው እኮ የሚለው!»

«አዎ፣ እኛ ጋ ሲደውሉ ይቀንሳል።»

«እንዴት? የሆነ ነገርማ አለ።»

«ምንም የለም፣ ጋሼ። ለጢስ ዓባይ ብለው ከሆነ ግን በዚህ ወር ውኃው ያንሳል፤ ፎቶው የክረምት ነው። ለመስከረም ቢያደርጉት...»

ስልኩ የእንግዳ ተቀባይዋ ጆሮ ላይ ተዘጋ። ራሱ አርክሶ የሚሸጥ፣ በዚያ ላይ ፏፏቴው ደርቋል ብሎ የሚናገር ነጋዴ እንዴት ይታመናል? ጥቂት ቆይቶ ያው ክፍል፣ በዚያው ቀን፣ በአምስተርዳም በኩል ተያዘ። ማረጋገጫው እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ሲደርስ ሁለት መስመር ጎላ ብሎ ተጽፎበታል፦ ገንዘቡ አይመለስም፤ ቁርስ ለብቻው ይከፈላል።