አሮጌ የሸራ ጀልባ ሊገዙ ላሰቡ ወገኖች የቀረበ ቅን ምክር

ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ከሚይዙት ሕመሞች አንዱ የሸራ ጀልባ የመግዛት አምሮት ነው። ለስኳርና ለደም ብዛት ሐኪም ክኒን ያዛል፤ ለዚህኛው ግን እስካሁን የታወቀው መድኃኒት ጀልባውን ገዝቶ ማየት ብቻ ነው። በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ደግሞ ይበልጥ የተጋለጥን ነን። መንገዱ ከቀናን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አናፖሊስ እንገባለን፤ እዚያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር «ይሸጣል» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ይወዛወዛሉ። ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም፣ አራት ሰው የሚያስተኛ፣ ምድጃም መጸዳጃም ያለው ነገር ካረጀ ኮሮላ ባነሰ ዋጋ! እኔም እንደርስዎ «ባለቤቱን ምን ነካው?» ብዬ ነበር።

ምን እንደነካው ልንገርዎ። ፋይበርግላስ አይሞትም። በፈረንጆች 1959 ኒው ዮርክ በተደረገው የጀልባ ትርዒት ፒርሰን የተባለው ኩባንያ ካርል አልበርግ የነደፋትን ትሪተን የተባለች ባለ 28 ጫማ ጀልባ ከ10,000 ዶላር በታች አቀረበ፤ ከ700 በላይ ተሠራች። ከዚያ ወዲያ አሜሪካ ጀልባን እንደ ሳህን ከቅርጽ እያወጣች ትደረድር ገባች። ካታሊና 30 የምትባለዋ ብቻዋን ከ6,000 በላይ ናት። የእንጨት ጀልባ ሲያረጅ ይበሰብሳል፣ ይሰጥማል፣ ዕዳውም አብሮት ይወርዳል። የፋይበርግላሱ ግን ባለቤቱን ቀብሮ ይኖራል። ማቆሚያው በየወሩ ኪራይ ይጠይቃል፤ ቆራርጦ ለመጣልም ገንዘብ ይከፈላል። ስለዚህ ሻጩ ዋጋ ሲቀንስልዎ ቸርነት አይምሰልዎ። በነጻ ልስጥዎ የሚል ከመጣማ ስልክዎን ያጥፉ።

የመጀመሪያው ምክሬ፣ ዓይንዎን አይመኑ። ዓይን የሻጩ ወገን ነው። ጀልባው በሰም የተወለወለው፣ ፍራሾቹ አዲስ ልብስ የለበሱት፣ ጠረጴዛው ላይ ሎሚ የሞላ ሳህን የተቀመጠው ለዓይንዎ ነው። የእኔ ዓይን እነዚያን ሎሚዎች ባየ ጊዜ ሸራው ነፋስ ሲሞላ፣ ልጆቼ ሲስቁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አየ። ጀልባውን ግን አላየም።

ሁለተኛው ምክሬ፣ እናትዎን ይዘው ይሂዱ።

እህቴ ወልዳ እናቴ ልታርሳት ከባሕር ዳር መጥታ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ «ትንሽ አየር ትቀበል» ብዬ ይዣት ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው ደግፈው አሳፈሯት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ምሰሶው ሥር በርከክ አለችና፣ ገበያ ላይ እንስራ እንደምትመርጥ ሴት ወለሉን በጣቷ አንጓ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገችው። ክንድ ያህል ፈቀቅ ብላ ደገመችው። እዚያ ላይ ድምፁ ዱም አለ። «ይሄማ ውስጡ አልቋል» አለች። ሽማግሌው ያደነቀቻቸው መስሏቸው ፈገግ ብለው አመሰገኑ። እኔም አልተረጎምኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዘመን ጀልባዎች አብዛኞቹ የላይ ወለላቸው እንደ ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ፣ መሐሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ፕላይውድ። እንጨቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ወለሉ ሳይከብድ ይጠነክራል። ችግሩ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የተፈራረቁት ባለቤቶች እያንዳንዳቸው አንዳች መያዣ ወይም ማሰሪያ ለመትከል ወለሉን መብሳታቸው ነው። የቀዳዳው ማሸጊያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ይገባል፤ የገባው ግን መውጫ የለውም። እንጨቱ ቀስ በቀስ ውኃ የጠጣ ድፎ ዳቦ ይሆናል። ደህናው ቦታ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ይደነዝዛል። ባለሙያዎቹ ለዚህ ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይይዛሉ፤ የሸክላ ገበያ ያሳደገው ጣት ግን ያንኑ ይሠራል። በእግርዎም ይርገጡት። እንደ ስፖንጅ ሰመጥ ካለብዎ ሳይቆሙ ወደ መኪናዎ ይቀጥሉ።

ከጣት ቀጥሎ አፍንጫ ነው። ታች ክፍሉ ውስጥ የሽቶ ሽታ ከተቀበለዎ ከሽቶው ሥር ያለውን ይፈልጉ። ሻጋታ ከሆነ ከላይ የሚያፈስ አለ። የመጸዳጃ ሽታ ከሆነ ቱቦዎቹ ሽታውን ጠጥተውታል፤ እጥበት አያስለቅቀውም፣ መቀየር ብቻ ነው። ቤንዚን ከሸተተዎ ግን ምንም ሳይነኩ ይውጡ። በእነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ ውስጥ የሚያገኙት አቶሚክ 4 የተባለ የቤንዚን ሞተር ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ከ1947 እስከ 1985 ወደ 40,000 የሚጠጋ የተመረተ ጨዋ ሞተር ነው። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ የጀልባው ከርስ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ማራገቢያው ቢያንስ አራት ደቂቃ መሥራት አለበት። አራት ደቂቃ ለእኛ ለሐበሾች ምን አላት? ቀጠሮ ላይ ሁልጊዜ ከዚህ በላይ እናስጠብቃለን።

ምላስም ሥራ አለው። ከታች ክፍሉ ወለል ሳንቃዎች አንዱን ያንሱና ሥሩ ውኃ ካለ ጣትዎን ነክረው ይቅመሱ። ይህን የሚያደርጉ የጀልባ መርማሪዎችም አሉ። ጨው ካለው ባሕሩ እየገባ ነው፤ ከሌለው ዝናቡ። ቼሳፒክ ብዙ ወንዝ የሚገባበት ባሕረ ሰላጤ በመሆኑ ጨዉ ለጋ ነው፤ አልጫ ወጥ ጨው እንዳነሰው በአንድ ጉርሻ የሚያውቅ ምላስ ይፈልጋል። እናትዎን ይዘው ይሂዱ ያልኩት በምክንያት ነው። ውኃው ቀለም ወይም ዘይት ካለበት ግን ምላስዎን ይሰብስቡ።

ዓይንዎን ጨርሶ አልከለከልኩም፤ ሻጩ ያልወለወለበት ቦታ ይላኩት። ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች የሚታሰሩባቸው ጠፍጣፋ ብረቶች ወለሉን ሰንጥቀው ወደ ታች ይወርዳሉ። ማይዝግ ብረት የሚባለው ብረት የሚዝገው አየር በማያገኝበት በዚያ መሐል ነው፤ ከላይም ከታችም እንደ መስተዋት እያበራ መሐሉ ይበላል። ታች በእንጨቱ ላይ የወረደ ቡናማ እንባ ካዩ ምሰሶው ከልቡ አልቆመም። ገመዶቹስ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው እንዲቀየሩ ይመከራል። ሻጩ «ስገዛው ነበሩ» ካለዎ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ጀልባው ከውኃ ሲወጣ ደግሞ ታች ያለው ከባዱ ኪል ከገላው የሚጋጠምበትን መስመር ፊት ለፊት ቆመው ይዩ። እዚያ የምትታይ ስንጥቅ አለች፤ የካታሊና ባለቤቶች «የካታሊና ፈገግታ» ይሏታል። አንዳንዴ የደረቀ ማጣበቂያ ብቻ ናት፤ ዝገት ካነባች ግን ኪሉን የያዙትን ብሎኖች ጉዳይ ያስጠይቃል። ጀልባ ፈገግ ስላለልዎ እርስዎም መልሰው ፈገግ አይበሉ።

ከውኃ በታች ባለው ገላ ላይ እንደ ብጉር የተነፉ ነጥቦች ቢያዩ አይደንግጡ። ፋይበርግላስም ውኃ ይጠጣል። እናቴ ይህን ስነግራት አልገረማትም፤ የጣና የደንገል ታንኳም ይጠጣል፣ ከጉዞ ሲመለስ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ብጉር ጀልባ የሚያሰጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን የሚያህለው የለም።

በመጨረሻ መርማሪ ይቅጠሩ። በጫማ ቆጥሮ ያስከፍልዎታል፤ ይክፈሉ፤ ኢንሹራንሱም የእሱን ወረቀት መጠየቁ አይቀርም። ደላላው የጠቆመዎትን ብቻ አይቅጠሩ፤ ደላላ አናፖሊስም ደላላ ነው። በፈረንጆች ከ1972 ኅዳር ወዲህ የተሠራ ጀልባ በስተኋላው በቀኝ በኩል አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ያስተያዩት። ለሜሪላንድ የሚከፈለውን የዋጋውን 5 በመቶ ቀረጥም ከወዲሁ ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሎሚዎቹ እንዳያስረሱዎት።

እኔ ይህን ሁሉ አደረግሁ። የመርማሪዬ ሪፖርት ምሰሶው ሥር ያለው ወለል መበስበሱን ገጾች ፈጅቶ አስረዳኝ፤ እናቴ በሦስት ቃል የጨረሰችውን። ከዚያ ገዛሁት።

እናቴ ባሕር ዳር ተመልሳለች። እሑድ እሑድ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ሕፃኑ ትጠይቃለች፣ ቀጥላ ስለ ጤናዬ፣ ከዚያ «ያ እንስራህስ ደረቀ?» ትለኛለች። ወለሉ ተከፍቶ፣ ከላይ ላስቲክ ተወጥሮለት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ከውኃ ወጥቶ ቆሟል።

አልደረቀም።