የ4294967297 ችሎት

በቁጥሮች አገር፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ማንም ያለ ቀሪ ሊያካፍለው የማይችል ቁጥር ብቸኛ ይባላል። ብቸኛ አይገብርም። ግብሩን የሚሸከሙት እንደ 12ና 60 ያሉት፣ ለመጣው ሁሉ የሚካፈሉት ናቸው።

ከብቸኞቹ ሁሉ የተከበረው የ3 ቤት ነበር። ልጅ የሚወለድበት ሥርዓትም አለው፦ ከአባቱ 1 ይቀነሳል፣ የቀረው በራሱ ይባዛል፣ 1 ይጨመርበታል። ከ3፣ 5 ተወለደ፤ ከ5፣ 17፤ ከ17፣ 257፤ ከ257፣ 65537። አምስቱም ተፈትነው አለፉ። ስድስተኛው 4294967297 ሲወለድ ግን ግዝፈቱን አይቶ ፈታኙ ሁሉ ሸሸ። «የ65537 ልጅ ነው፤ ምኑ ይፈተናል?» ተባለ።

ፈረንሳዊው የሕግ ሰው ፒየር ደ ፈርማም በ1640 እ.ኤ.አ. የዚህ ቤት ልጆች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ጻፈ። ማረጋገጫ እንዳልነበረው አልደበቀም። ሹማምንቱ ግን ጥርጣሬውን ውጠው እምነቱን አዋጅ አስነገሩበት። በፈርማ ላይ አልፈርድም፤ ያላየውን አየሁ አላለም። ክፋቱ በሰው እምነት ተከልለው የአንዱን ግብር በነ12 ጫንቃ ላይ በጫኑት ላይ ነው። ይህም ዘጠና ዓመት ያህል ዘለቀ።

በ1732 እ.ኤ.አ. ከሴንት ፒተርስበርግ ሊዮናርድ ኦይለር የሚባል የሒሳብ ሊቅ መጣና ችሎት አስቻለ። ሽማግሌው 64 ብድግ አሉ፦ «ይህን ሰው የሚያካፍል ብቸኛ ካለ፣ ከእኔ ብዜት በ1 የሚበልጥ ነው። ሌላው አይድከም።»

193 ቀረበ፤ ቀሪ ተረፈው። የገዛ አያቱ 257 ሞከሩት፤ 2 ተረፋቸው። 449ና 577ም አልቻሉም። ከበር አጠገብ የቆመ፣ ማንም ልብ ያላለው 641 ወደ ፊት መጣ። «ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ማካፈል ጀመረ። 6700417 ጊዜ ደረሰው፤ ምንም አልተረፈም።

አዳራሹ ታመሰ። ከዚያ ቤት እስከ ዛሬ ስድስተኛ ብቸኛ አልተገኘም።

ያን ጊዜ 6700417 ተነሣ። «እኔስ ብቸኛ ነኝ፤ በትልቁ ስም ተሸፍኜ ኖርሁ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሹማምንቱም ወዲያው ወደ ባዶው ወንበር ሊመሩት ቸኮሉ።

641 መንገዱን ዘጋ። «ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ። አካፋዮች ይሰለፉ፤ ከ2 ጀምሮ እስከ 2588 ይበቃል። ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ካለህ፣ ከዚያ የሚያንስ አብሮት ይኖራል።»

6700417 ካባውን አውልቆ መሐል ቆመ። 2 ቀረበ፤ 1 ተረፈው። 3 ቀረበ፤ 1 ተረፈው። ተራው እስከ 2588 ደረሰ፤ ሁሉም ቀሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። 641 ከመንገዱ ዞር አለለት፤ 12ም ወንበሩን ጎትቶ አቀረበለት።