የ11 ደቂቃ ጨለማ

የነገሩ ሁሉ መነሻ ድብ ነው። እንጦጦ ላይ ድብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አድገን እሷ በረዶ አገር ገባች፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ዓምና ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃዷን ይዛ ቸርችል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደች። ቸርችል የመኪና መንገድ የለም፤ በባቡር ወይም በአውሮፕላን ነው የሚገባው። ከተማዋ ሃድሰን ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ስላለች የዋልታ ድቦች በጥቅምትና በኅዳር እዚያ ይሰበሰባሉ። ባሕሩ በረዶ ሆኖ እስኪጠነክር ይጠብቃሉ፤ ሲጠነክር በላዩ እየሄዱ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ያድናሉ። ፎቶ አንሺዎቹም አስጎብኚ ቀጥረው፣ ጎማው ሰው በሚያክል መኪና ተጭነው ድቦቹን ያያሉ።

የከተማው ሰው መኪናውን አይቆልፍም አለችኝ። መንገድ ላይ ድብ የገጠመው ሰው ያገኘውን በር ከፍቶ ይገባ ዘንድ ነው። እዚህ መገናኛ መኪና ሳይቆለፍ ቢያድር፣ ድብ ያባረረው ሰው የሚከፍተው በር አያገኝም፤ በሩ ቀድሞ ተፈትቶ ሄዷል።

የላከችው ፎቶ ግን ፎቶ ነው። ድቡ በረዶው ላይ እንደ አገር ሽማግሌ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ላይ ያለችው ጠብታ ሳትቀር ትታያለች። ከሥሩ “እናንተስ ምን አላችሁ?” ብላ ጽፋለች። በካናዳ ዶላር የተሰደብኩ መሰለኝና “ጅብ!” ብዬ መለስኩላት።

መለስኩ እንጂ፣ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። 46 ዓመት ሙሉ ከጅብ ጋር ጎረቤት ነኝ፤ ነገር ግን ጅብ አይቼ አላውቅም። አንዴ በመኪና መብራት ፊት አንድ ጥላ ሲያቋርጥ አይቻለሁ፤ እሱም የጎረቤት ጥጃ ሊሆን ይችላል። ጅብን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ልጆች ሆነን እኔና የአክስቴ ልጅ በአንድ ፍራሽ ላይ ራስና ግርጌ ተኝተን፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲያልፍ ከወንዙ በኩል ይጀምራል። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጎተት፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ የሚንጠለጠል ጩኸት ነው። አያታችን ከጨለማው ውስጥ “አያ ጅቦ መጣ፤ ዝም ብላችሁ ተኙ” ትለናለች። አያ ጅቦ እየመጣ እንዴት እንደሚተኛ ግን ነግራን አታውቅም።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ቴሌግራም ላይ “የሌሊት የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ጉዞ፣ የካና እንጦጦ፣ ባለሙያ አስጎብኚ ያለው” የሚል ማስታወቂያ ያየሁት። ዋጋው 3,500 ብር፤ ሻይና ሳንዱዊች ይጨምራል። ቀኑ ኅዳር 12። ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። “በሚካኤል ቀን ሰው ጸበል ጻድቅ ይቀምሳል እንጂ ጅብ ይፈልጋል?” አለች። ወንድሟ ግን የወንድ ሥራ ነው ብሎ ካሜራውን አዋሰኝ። ስለ ቁልፎቹ ግማሽ ሰዓት አስተማረኝ፤ ሁሉንም በአንገቴ እየነቀነቅሁ ተቀበልኩ።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኅዳር 12 ማለት ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የጨረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አልቋል፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ጅብ ሬሳ ይጎትት ነበር እያሉ ሲያወሩ ከትልልቆቹ ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው በየዓመቱ በዚያ ቀን ጓዳውንም ጓሮውንም ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ከየደጃፉ ሰብስቦ ያቃጥላል። ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ፣ ከኮተቤ እስከ ሾላ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። የጅብ እራት ደግሞ ያ ቆሻሻ ነው። እኛ ታዲያ የሰፈሩን ጅብ እራት ጠዋት አቃጥለን፣ ማታ በካሜራ ልንጠብቀው ወጣን። ይህን አስጎብኚያችንም አላሰበው፣ እኔም ያሰብኩት አልጋዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ፈረንሳይ አቦ አጠገብ ተገናኘን። ስድስት ነን። አስጎብኚው ባለ ብዙ ኪስ ሰደሪያ የለበሰ ወጣት ነው። ሁለት ፍቅረኞች አሉ፤ ከጅቡ ይልቅ አንዳቸው ሌላቸውን ያነሳሉ። ከሎንዶን የመጣች አንዲት እህት አለች። አንድ የሒሳብ ባለሙያም አለ፤ ሌንሱ ዘነዘና ያህላል። ስድስተኛው እኔ ነኝ። አስጎብኚው ከሉካንዳ የገዛውን አንድ ኩንታል የማይሞላ አጥንት በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ስለቀረ ሉካንዳው አልተዘጋም። “ሐረር ላይ እንዲህ ነው፤ ትሰጠዋለህ፣ ይመጣል” አለና ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ሲጠበው ከረጢቱን ከእግሬ ሥር አስቀመጠው። ሩቅ ሳንሄድ ሱሪዬ ርሶ ነበር።

ስለ ጅብ የሚያውቀውን ግን አልነሣውም፤ ያውቃል። ጅብ ውሻ ቢመስልም ዘሩ ለድመት ይቀርባል አለን። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት። ዝንጉርጉሯ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ተመራማሪዎች አንዷን ከሌላዋ የሚለዩት በእሱ ነው። ኩሷ ነጭ የሚሆነው አጥንት ስለምትፈጭ ነው። ጩኸቷ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ይህን ሲል የሒሳብ ባለሙያው በአእምሮው ለክቶ “እንግዲያው መገናኛ ድረስ ይሰማል” አለ። ሎንዶኗ “መገናኛ ከታክሲ ረዳት ጩኸት በላይ የሚሰማ ነገር አለ እንዴ?” አለች። ያን ዕለት ከሰማሁት ቁም ነገር አንዱ ይህ ነው።

ሌላው የጾሙ ነገር ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ፣ በውስጡ ያለውን ጸጉር አጥንተዋል። ጥናቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ነው የታተመው። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሰው ሥጋ ሲያቆምና የእርድ ትርፍራፊ ሲጠፋ፣ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ ያዞራሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አህያው ይቀንሳል። አያችሁ፣ እኛ 55 ቀን ስንጾም ዕዳውን የሚከፍል አህያ ነው።

መኪናው አቀበቱን ሲጨርስ ወርደን በእግር ቀጠልን። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ተቀምጠው ሳለ የማገዶ እንጨቱ አልቆ መከራ ሆነ፤ ከዚያ ነው ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ተራራውን የወረሰው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ነው። ንጉሡ በ1882 እንጦጦ ማርያም ነግሠው ከተማው ጠቅልሎ ወደ ታች ወረደ። ጅቡ ግን ከላይ ቀረ። አሁንማ በ2013 መስከረም የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ ቀን ቀን ሰው ቡና ይጠጣበታል፣ ፈረስ ይጋልብበታል። ማታ ማታ ባለ ርስቱ የወንዙን ሸለቆ ይዞ ከተማ ይወርዳል፤ ሳይነጋ ይመለሳል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከጫካው ብቅ አሉ። ሸክሙ ከወገባቸው አጎንብሷቸው፣ ዓይናቸው ከመሬት አይነሣም። አንዷ ትልቅ እናት መንገድ ስንለቅላቸው ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

“ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ በዚህ ሰዓት?”

“ጅብ ፎቶ ልናነሳ ነው፣ እማማ” አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ በራሴ አፈርኩ።

“ጅብ?” ከረጢቱን አዩት፤ ሱሪዬንም አዩት። “እኛ እሱን እንዳናይ ነው በጊዜ የምንወርደው። ከፍላችሁ ነው?”

ሎንዶኗ “አዎ” አለች። ዋጋውን ማንም አልነገራቸውም። “በሉ ኪዳነ ምሕረት ትጠብቃችሁ” ብለው ቁልቁለቱን ያዙ። የሒሳብ ባለሙያው ዘነዘናውን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። ያን ማታ ከሠራሁት ሁሉ የማልጸጸትበት እሱ ብቻ ነው።

ከጫካው ዳር ካለች ሜዳ ደረስን። አጥንቱን 20 እርምጃ ያህል ራቅ አድርገን ዘርግፈን፣ ትራይፖዱን ተክለን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን ተቀመጥን። ያልቆጠርናቸው እንግዶች ነበሩ፤ ሽታውን ተከትለው ከፈረንሳይ ጀምሮ የመጡ ሰባት ውሾች። አጥንቱን አንድ በአንድ እያነሱ ሲቀራመቱት ሁለት ሰዓት ሙሉ አየን። አስጎብኚው ሊያባርራቸው ድንጋይ ይወረውራል፤ እነሱ ድንጋዩንም አጥንት መስሏቸው ያሸቱታል። “ትዕግሥት” ይለናል በየመሀሉ፤ “የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።” ከታች ከተማው በኅዳር ጭስ ተሸፍኖ መብራቱ እንደ ፋኖስ ብልጭ ድርግም ይላል። ብርዱ በጫማዬ ገብቶ በአንገቴ ይወጣል። ድብ ጠባቂዎቹ ከነመስታወቱ፣ ከነማሞቂያው መኪና ውስጥ እንደሚቀመጡ ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ።

ከሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ ውሾቹ ዝም አሉ። ከመሀላቸው አንዱ ጆሮውን አቆመ፤ ከዚያ ሁሉም ጅራታቸውን ቆልፈው እንደ ጢስ ጠፉ። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ እንደሚጮህ ሲተረት ሰምቻለሁ፤ ጅብ ከመምጣቱ በፊት ዝም እንደሚል ግን የነገረኝ አልነበረም።

ጮኸ። ከወንዙ በኩል፣ ከሩቅ። ከዚያ ሌላው መለሰለት፤ እሱ ግን ከሩቅ አልነበረም፤ ከኋላችን ነው። የራስ ቅሌ ውስጥ የተጮኸ መሰለኝ። አስጎብኚው “ፍላሽ እንዳታበሩ! እሷ ናት!” ብሎ አንሾካሾከ። ካሜራውን አነሣሁ፤ ባይኑ ውስጥ ጨለማ ይታያል። ሌሊት ስለሆነ ጨለማ ማየቴ አልገረመኝም። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ደግሜ ተጫንኩ፤ ምንም አልሰማሁም፤ ዝም የሚል ካሜራ ነው ብዬ ወደድኩት። ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች በዛፎቹ መሀል አለፉ፣ ቆሙ፣ ወደኛ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በትክክል አላስታውስም። ማስታወስ ያልቻልኩትን ካሜራው አስታውሶልኛል።

በማግሥቱ የባለቤቴ ወንድም ካሜራውን ተቀብሎ ከፈተ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ አጎነበሰ።

“ክዳኑን አልከፈትከውም'ኮ።”

“የምኑን ክዳን?”

“የሌንሱን።”

ቦርሳ ውስጥ ሳለ መዘውሩ ዞሮ ቪዲዮ ላይ ገብቷል፤ መጀመሪያ ስጫን ቀረጻ ጀመረ። ሁለተኛውን እንደተጫንኩ ነበር የመሰለኝ፤ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ሳልነካው ቀርቻለሁ። በእጄ ያለኝ የ11 ደቂቃ ጨለማ ነው። ያውም 3,500 ብር የተከፈለበት ጨለማ። የሒሳብ ባለሙያው አንድ ፎቶ አግኝቷል፤ ቂጧን ሰጥታው ስትሄድ።

ልናጠፋው ስንል ድምፁ ጀመረ።

እንዲያ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ የአንዱ ጥርስ ሲንገጫገጭ፣ ከሩቅ ጮኸ፤ ከቅርብ መለሰ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ የወንድ ድምፅ ይመጣል፤ “እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ ዛሬን አውጪኝ እንጂ ሁለተኛ አልለምደኝም፤ ካሜራውም የኔ አይደለም…” ቀጥሎ አስጎብኚው በሹክሹክታ፣ “ማነው የሚያለቅሰው?”

ባለቤቴ ሽንኩርቷን ትታ መጥታ ከኋላችን ቆማ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ከእሷ ድብ ጎን የማስቀምጠው ሌላ ነገር አልነበረኝም። መልስ ሳትሰጥ አንድ ቀን አለፈ፤ በማግሥቱ ሌሊት ደወለች። ዊኒፔግ ቀን ነው። መጀመሪያ ስቃ ስቃ ልትሞት ነበር፤ ለእናቷ፣ ለወንድሞቿ፣ ቶሮንቶ ላሉት የአጎቶቻችን ልጆች ሳይቀር አስተላልፋዋለች። ከዚያ ዝም አለች።

“ታውቃለህ፣ ድቡ እኮ ምንም አላለም” አለች። “ከመስታወት ወዲያ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ፎቶውን ሳየው የማንም ድብ ነው። ያንተን ሌሊት መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። አያ ጅቦ መጣ።”

“ተኚ” አልኳት።

“ግን አንድ ነገር አድርግልኝ” አለች። “ያንተን ጸሎት አውጣልኝና ጅቡን ብቻ ላክልኝ። እሱን እየሰማሁ ነው መተኛት የምፈልገው።”

የባለቤቴ ወንድም ሁለት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ታገለ። ሲደክመው ማዳመጫውን አወለቀና ራሱን ነቀነቀ። “አይሆንም” አለኝ። “እሷ ስትጮህ አንተም አብረህ ነው የምትጮኸው። አንዱን ባጠፋሁ ቁጥር ሌላው ይጠፋል።”