ጸጥ ያለ መንደር ፈላጊው እንግዳ፦ ከሸኮ፣ ከሚዛንና ከቴፒ አንጻር የቀረበ ጥናት

በአገራችን ካሉት የመንገደኛ ዓይነቶች ሁሉ እስካሁን ተገቢው ምርምር ያልተደረገለት፣ ጸጥ ያለ መንደር ፍለጋ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ነው። ነጋዴ ምን ይዞ ሄዶ ምን ይዞ እንደሚመለስ ይታወቃል። ተሳላሚ ስለት አለበት። ተማሪ ምደባው ደርሶት ነው። ይኸኛው ግን ከቤቱ የሚወጣው አንድ ነገር ለማጣት ሲል ብቻ ነው፤ ጫጫታን። የሕልሙ ዋና ቅጂ ሞቃት ባሕር ዳር የተኛች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ዘንባባ፣ የተሰጣ መረብ፣ አንድ ጀልባ፣ ምንም የማይሠሩና በዚህም ደስተኛ የሆኑ ሰዎች። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ስለሌላት ሕልሙ በምትክ ቦታዎች ይስተናገዳል። አጭር ፈቃድ ያገኘ ሐዋሳ ይወርዳል፤ ረዥም ፈቃድና ጠንካራ ወገብ ያለው ጂማንና ቦንጋን አልፎ ሚዛን አማን፣ ሸኮና ቴፒ ይደርሳል። እዚያ ዓሣው በቡና፣ ባሕሩ በደን ይተካል፤ የሚፈለገው ጸጥታ ግን ያው ነው። የዚህ ጥናት መከራከሪያ አጭር ነው፤ ያ ጸጥታ የመንደሩ ንብረት አይደለም። እንግዳው ሲመጣ አብሮት ይመጣል፣ ሲመለስም አብሮት ይመለሳል።

ማስረጃውን ከዓሣው እንጀምር፤ ነገሩ እዚያ በግልጽ ይታያልና። የሐዋሳ ሐይቅ አጥማጅ መረቡን ማታ ጥሎ ያድርና ጎህ ሲቀድ ያወጣል። ጀልባው አሞራ ገደል ሲደርስ ቆሮሶውን የሚልጠው፣ አምባዛውን የሚቆርጠው፣ ዋጋ የሚያስወድደውና የሚያስረክሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ አባ ኮዳዎቹም የሚወረወረውን አንጀት ለመሻማት ክንፋቸውን እያማቱ ይጋፋሉ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ግርግሩ ይብሳል። እንግዳችን በዚህ ሰዓት ተኝቷል። ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን አጣጥሞ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው አጥማጅ እንቅልፉን ሊተኛ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ጀልባው ታስሯል፤ መረቡ ፀሐይ ላይ ነው። እንግዳው ይህን አይቶ «እንዴት ያለ የተረጋጋ ኑሮ ነው!» ይላል። ከዚህ የመጀመሪያውን ሕግ ማውጣት ይቻላል፤ የአንድ መንደር ጸጥታ መጠኑ የሚወሰነው እንግዳው ከአልጋው በሚነሣበት ሰዓት ነው።

ሕጉ በቡናው አገር ሲፈተሽ ሰዓቱ ወር ይሆናል። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና እርጥብ ከተማ ናት፤ አካባቢው ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ዝናብ ያገኛል። ዝናብ ባለበት ጭቃ አለ፤ ጭቃ ባለበት እንግዳ የለም። ስለዚህ እንግዳው ገናንና ጥምቀትን አክብሮ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥር ወይም በየካቲት ይመጣል። በዚያ ጊዜ በሚዛን አቅራቢያ ባለው፣ ወደ 10 ሺህ ሄክታር በሚጠጋው የበበቃ ቡና እርሻ ለቀማው አልቋል፤ ከየአገሩ የመጣው ለቃሚም ሒሳቡን ተቀብሎ ተበትኗል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢመጣ ኖሮ የሚያየው ሌላ አገር ነበር። ቀይ እሸት የተሸከሙ ሰዎች ሚዛኑ ፊት ተሰልፈው ከመዛኙ ጋር በግማሽ ኪሎ ይጨቃጨቃሉ። ማድረቂያው አልጋ ዳር የቆሙት ሴቶች ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ በጣታቸው እየለቀሙ ያወጋሉ። ድንገት ደመናው ሲጠቁር አንዷ ትጮኻለች፤ ወዲያው ግቢው ሁሉ ይሮጣል፣ ላስቲክ ይጎተታል፣ ጠርዙን የሚይዝ ይጠራል፣ የዘገየ ይሰደባል። የረጠበ ቡና ይሻግታል፤ የሻገተን ቡና አቅራቢው አይቀበልም። በዚያች ቅጽበት በረንዳ ላይ ቆሞ ስለ ዝናቡ ውበት የሚናገር ሰው ቢኖር የላስቲኩን አንድ ጫፍ ያስይዙት ነበር። ጸጥታውም እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከእንግዳ አቀባበል የሚገኝ ነው። ጸጥታ በራሱ የሚበቅል ነገር ቢመስልም ሠራተኛ አለው። እንግዳ ቤት ሲገባ ልጆች ወደ ጓሮ ይሸኛሉ፣ ሬዲዮኑ ዝቅ ይደረጋል፣ በቀበሌው ሊቀ መንበር ላይ የተጀመረው ሐሜት ለሌላ ቀን ይቀጠራል፣ ደህናው ወንበር ይጠረጋል። ከዚያ ጨሞ ይቀርባል። ቡና አገር መጥቶ ፍሬውን ሲጠብቅ የነበረው እንግዳ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ የገባበት የቡና ቅጠል ፍል ይጎነጭና ለጥቂት ጊዜ መናገር ያቅተዋል፤ ባለቤቶቹም በአክብሮት ዝም ብለው ይጠብቁታል። ይህ ዝምታ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «የአካባቢው ሕዝብ ዝምተኛና ትሑት ነው» ተብሎ ይሰፍራል። እግሩ ከወጣ በኋላ የሚነሣውን ሳቅና ጭቅጭቅ መዝግቦ የሚያውቅ እንግዳ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ከእንግዳው ንዑስ ዝርያዎች መካከል በቁጥር የበዛው የሚመስለው፣ በአበል የሚጓዘው ነው። እርሱን የሚያመጣው የሁለት ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና ነው። ከተማዋን የሚያያት ከአዳራሹ መስኮት፣ ያውም በሻይ ሰዓት ብቻ ነው። የሻይ ሰዓት ደግሞ የከተማው ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት ሰዓት ስለሆነ በመስኮቱ በኩል የሚታይ ሰው አይኖርም። በሪፖርቱ «አካባቢው ለምለም፣ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ፣ ከተማው ጸጥ ያለ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚገኘው ከዚህ ምልከታ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለአርባ ምንጭ፣ ለባሕር ዳርና ለቢሾፍቱም ሳይቀየር የሚያገለግል በመሆኑ ከምርምር ወጪ አንጻር ሊደነቅ ይገባዋል።

በዚህ መከራከሪያ ላይ ሊነሣ የሚችለው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ከመገናኛ ወይም ከመርካቶ ጋር ሲነጻጸር ሸኮ ጸጥ ያለች ናት የሚለው ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ስለሆነ በዝርዝር ይመለስ። ደኑ ዳር ጉሬዛ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ማግሳት ይጀምራል፤ አንዱ ሲጀምር የሸለቆው ሁሉ ይከተላል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ የቴፒ ዝናብ ከጎን የተቀመጠን ሰው ቃል አያሰማም። ሚዛን አማን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የተማሪና የባጃጅ ብዛት ባለበት ጸጥታ አለ የሚል የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው። የቋንቋ ምሁራን እንደመዘገቡት የሸኮ ቋንቋ አራት፣ የጎረቤቱ የቤንች ቋንቋ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች አሉት። ሰው የማይናገርበትን መሣሪያ በዚህ ጥራት ሠርቶ አያስቀምጥም። ከብቶቹም ቢሆኑ ለጸጥታው ምስክር አይሆኑም፤ የገንዲ በሽታን በመቋቋም በሳይንስ ዓለም የታወቀው የሸኮ ከብት፣ የሚያረቡት ሰዎች እንደሚናገሩት ኃይለኛ ጠባይ አለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በመርካቶ የሚጮኸው ሰው እንግዳውን «ዞር በል» እያለ ስለሆነ ጩኸቱ ይሰማል፤ በሸኮ የሚጮኸው ለሌላ ጉዳይ ስለሆነ የተፈጥሮ አካል ተደርጎ ይታለፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቦታው «ገና ያልተነካ» ስለሆነ ጸጥታው ቢገመት ያስኬዳል የሚል ነው። ያልተነካ የሚባለው ይህ ምድር ከጌሻ አካባቢ ደን በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተለቀመ የቡና ዘር ሰጥቶ፣ ዘሩ በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገብቶ፣ በዚሁ አቆጣጠር በ2004 እዚያው በተደረገ የቡና ውድድር አሸንፎ የዓለም ውድ ቡና ለመሆን በቅቷል። ዩኔስኮም፣ አሁንም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የካፋን ደን በ2010፣ የሸካን በ2012 በባዮስፌር መዝገቡ አስፍሯል። ኮረሪማው፣ ጥምዙ፣ እርዱና ማሩ ከዚህ ተጭኖ የአዲስ አበባን ወጥና ጠጅ ሲያጣፍጥ ኖሯል። እንግዳው ራሱ ባለፈው እሑድ የበላው ዶሮ ወጥ ውስጥ የዚህ ደን ኮረሪማ ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ ያልተነካው መንደሩ ሳይሆን የእንግዳው መረጃ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሦስተኛውና ጨዋው ተቃውሞ፣ እንግዳ ገንዘብ ያመጣል፣ ደክሞትም ይመጣል፣ ታዲያ ጸጥታውን ቢያገኝ ማን ተጎዳ? ይላል። ማንም። አልጋ ተከራይቷል፣ ምሳ በልቷል፣ ሁለት ኪሎ ማር ገዝቷል፤ እሰየው። ደክሞት መጥቶ ማረፉም እውነት ነው፤ ሥራ ያልታዘዘ ሰው የትም ቢሆን ያርፋል። ጉዳቱ የሚመጣው ዕረፍቱን ከራሱ አንሥቶ ለመንደሩ ሲያወርሰው ነው። ጸጥ ያለ የተባለ ቦታ ምንም የማይጎድለው ይመስላልና። መንገዱ ለእንግዳው ጀብዱ፣ የመብራት መጥፋቱ የሻማ ምሽት ይሆንለታል፤ ቡናውን ሳይሻግት ገበያ ለማድረስ ለሚሯሯጠው ገበሬ ግን ሁለቱም ወጪ ናቸው። እነዚህ ከተሞች ያሉበት ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲቋቋም ከቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች አንዱ መንገድ የነበረውም ሕዝቡ ጸጥታ ሰልችቶት አይደለም።

የጥናቱ ምክረ ሐሳብ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ሸኮን ማየት የሚፈልግ ሰው በጥቅምት ይሂድ፤ የገበያውን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣ፤ ደመናው ሲጠቁር ላስቲኩን አብሮ ይያዝ። ማታ ተመልሶ ጆሮው ከጮኸ ቦታውን በትክክል ጎብኝቷል። ጸጥታውን የግድ የሚፈልግ ግን 600 ኪሎ ሜትር አይድከም፤ ስልኩን ዘግቶ ቤቱ ይተኛ።