ሆድ ሲያውቅ

እናቴ ሰው ስትጠረጥር «ሆዴ አልወደደውም» ትላለች። አንድም ቀን «አንጎሌ አልወደደውም» ስትል ሰምቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ ባዮሎጂ የተማርኩ ነኝና፣ «እማዬ፣ የሆድ ሥራ መፍጨት ነው፤ ማሰብ የአንጎል ነው» እያልኩ አርማት ነበር።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተጠራሁበት ዋዜማ ግን እራት አልወርድ አለኝ። «ፈርተህ ነው» አለችኝ። «ምን ያስፈራኛል!» አልኩ። «እሺ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጥኩ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብለው፣ «ሥራው ውጥረት ይበዛበታል፤ እንዴት ይቋቋሙታል?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ሆዴ፣ ጠዋት አልነሳ እንዳለ ሎንቺና፣ ረዘም ያለ መልስ ሰጠ። ሦስቱም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

ሥራው ቀረ፤ የማንበቢያ ጊዜ ግን ተረፈኝ። ለካ በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ! አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ጌርሾን እ.ኤ.አ. በ1998 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተሙት መጽሐፍ «ሁለተኛው አንጎል» ብለውታል። ሁለቱን አንጎሎች ቬገስ የሚባል ነርቭ እንደ ስልክ መስመር ያገናኛቸዋል። ከመስመሩ ክሮች 80 በመቶ ያህሉ ወሬ የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። እኔ አንጎልን ሚኒስትር፣ ሆድን ቀበሌ አድርጌ ነበር የማስበው። ሚኒስትሩ ለካ የሚውለው ከቀበሌ የመጣ ሪፖርት ሲያነብ ነው።

ስሜትን ያስተካክላል የሚባለው ሴሮቶኒንም 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። ግን ወደ አንጎል አይሻገርም፤ እዚያው አንጀት ሲያንቀሳቅስ ይውላል። ቀበሌው ሪፖርት ይልካል እንጂ በጀቱን አያካፍልም።

የሆድንና የስሜትን ዝምድና ቀድሞ በዓይኑ ያየ ሐኪምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1822 ሰሜን አሜሪካ፣ ማኪናክ ደሴት ላይ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ካናዳዊ ወጣት በጥይት ጨጓራው ተበሳ። ልጁ ተረፈ፤ ቀዳዳው ግን ሳይደፈን እንደ መስኮት ቀረ። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት ሥጋ በሐር ክር እያሰረ፣ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው፣ በቀዳዳው ሲያወርድና ሲያወጣ ዓመታት ቆየ። ሰውየው ሲናደድ ምግብ መፈጨቱ እንደሚታወክም አስተዋለ፤ በ1833 ያየውን በመጽሐፍ አወጣ። ሰውየውን ምን እንዳናደደው መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። ቡናዋን ፉት አለችና፣ «ታዲያ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆድ ባሰኝ ሲባል ስለ ሽሮ የሚወራ መስሎህ ኖሯል?» አለችኝ።

ለሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ገና ሳይነጋ ተነስታ በቅቤና በበርበሬ ያበደ ገንፎ አበላችኝ። ሆዴ ጭጭ አለ። ጠያቂው «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን» ሲሉኝ ግን አንጎሌም ጭጭ። ከቀበሌ ሪፖርት ቢያጣ፣ ሚኒስትሩ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።